በማሳ ሠላሳ ሰባት ላይ ያለው የድንጋይ ክምር

ባዶ መሬት አይተህ ታውቃለህ? በካርታ ላይ አላልኩም። በሊዝ ውል ላይም አላልኩም። በዓይንህ፣ በእግርህ ቆመህበት፣ ማንም ያልተወለደበትና ማንም ያልተቀበረበት አንድ ጥማድ መሬት አይተህ ታውቃለህ? ካየህ የት እንደሆነ ንገረኝ። እኔ እስከ ዛሬ ባዶ መሬት ያየሁት በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ሰው የሌላውን ሰው መሬት ሊወስድ በተነሣ ቀን በተጻፈ ወረቀት ላይ።

እናንዬ አለነ በ2081 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቀረበላት። እንድትፈርም ነበር።

እናንዬ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሥራዋ እርሻ ነው፤ እጇ አፈር ከነካ ግን አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። በወረዳው ከተማ፣ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷ ከእማማ ጥሩዬ ጋር ትኖራለች። የተወለደችበት ጎሽ ውሃ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የጎሽ ውሃ ሰው እግሩ እዚያ አልደረሰም፤ አጥር አለው። መሬቱን የያዘው ድርጅት ስሙን በየሁለት ዓመቱ ስለሚቀይር እዚህ መጻፉ አይጠቅምም። አንባቢ እስኪያነበው ሌላ ስም ይኖረዋል።

ሥራ የምትገባው ከቀኑ በስድስት ሰዓት ነው። ምሳዋን በልታ፣ ነጠላዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ በቀድሞው መናኸሪያ ላይ ወደተሠራው አዳራሽ ትሄዳለች። ሦስት መቶ ወንበር አለ። የእሷ ሠላሳ ሰባተኛው ነው። ትቀመጣለች፣ መሪውን ትጨብጣለች፣ ፊቷ ያለው ስክሪን ይበራል፤ ማሳ ሠላሳ ሰባት ላይ ያኔ ይነጋል። እሷ ምሳ በልታ ስትጨርስ እዚያ ገና ጤዛው አልረገፈም። አዳራሹ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ "እንዴት አደራችሁ" መባባል የተለመደ ነው፤ የሚስቅበት የለም። ስክሪኑ ሰማዩን ቆርጦ ያስቀረዋል፤ ከፊት ለፊቷ አፈር፣ አኩሪ አተር፣ ሩቅ ላይ ደግሞ አጥር ብቻ ነው ያለው። የት አገር እንደሆነ አይነገርም። የጠየቀ ሰው ከወንበሩ ይነሣል።

ትራክተሩ ያለ እሷ መሄድ ይችላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። መሪውን ብትለቀው ከእሷ የተሻለ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታዲያ ለምን ትቀመጣለች? ሕጉ "እጅ" ስለሚል ነው።

አያቶቻችን "መሬት ለአራሹ" ብለው ሲጮኹ አራሹ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። በሬው ይታያል፣ ጅራፉ ይታያል፣ የተሰነጠቀው ተረከዝ ይታያል። ያን መፈክር በ2058 ዓ.ም. ዘጠና ያህል መንግሥታት ተሰብስበው ኪዳን አደረጉት። የሰው እጅ ለተከታታይ አሥራ ሁለት ዓመት ያረሰው፣ የቀድሞ ሰው ምልክት ያልታየበት መሬት "ለአራሹ ወይም ለአራሹ ቀጣሪ" ይጸናል ይላል። "ወይም ለአራሹ ቀጣሪ"። ሦስት ቃል። ንጉሥ ለባለሟሉ ሲሰጥ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ እርሻ ልማት ሲወርስ አዋጅ ያወጣ ነበር፤ ባለሀብት ሲከራይ ጥናት ያስጠና ነበር። አሁን ሦስት ቃል በቃ። ተጨብጭቦለት አለፈ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ማስረጃ። ፎቶም ሆነ ቪዲዮ ማስረጃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ማንም ሰው ምሳውን እየበላ የፈለገውን መንደር ሊያቆምና ሊያፈርስ በሚችልበት ዘመን ምስል አይታመንም። ስለዚህ ፍርድ ቤቶቹ ወደ ጥንቱ ተመለሱ። አራሹ ራሱ በአደባባይ ይቆማል፣ እጁን ያነሣል፣ "ባዶ ነበር" ይላል። ችሎቱ በየአገሩ ባለው አዳራሽ ሁሉ ይተላለፋል፤ አራሾች ቃል አሰጣጥ እንዲማሩ የማየት ግዴታ አለባቸው።

የድንጋዩ ነገር የተጀመረው በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናንዬ ከማሳው መሃል አንድ ክምር አየች። ጉልበት የሚደርስ፣ በእጅ የተደረደረ ድንጋይ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጫፉ የሾለ፣ ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል። እሬት መሰላት። ትራክተሩን አቆመች።

በጎሽ ውሃ እሬት መቃብር ላይ ይተከላል። ድርቅ አይገድለውም፤ ሰው ቢረሳውም እሱ አይረሳም ይባላል። አባቷ አለነ የሞተው በ2053ቱ ወረርሽኝ ነበር፤ ወደ ደብሩ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ከእርሻው ዳር፣ ከሁለት ዋንዛ መሃል ቀበሩት። እሬቱን የተከለችው እናንዬ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነበር።

ስክሪኑ "እንቅፋት፤ ይነሣ?" ብሎ ጠየቀ። "ይታለፍ" የሚለውን ተጫነች። መሪውን አዞረች፣ በክምሩ ዙሪያ ሰፋ አድርጋ ሄደች፣ "ነፍስ ይማር" አለች። በሚቀጥለው ወቅትም እንዲሁ። የፈረቃ ኃላፊው ሁለት ጊዜ ጠራት።

"እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይጎብጥብሻል።"

"መቃብር አላርስም።"

እሱም የገጠር ልጅ ነው። ሦስተኛ አልጠራትም።

አሥራ ሁለት ዓመት ዞረችው። አኩሪ አተሩ መሃል እንደ ደሴት ቀረ። ሠላሳ ስድስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት አያ ደመላሽ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀልደኛ ሰው፣ ሁልጊዜ ሲገቡ "ዘመድሽ ደኅና አደሩ?" ይሏታል። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ያለችው ትርሲት ደግሞ ልጅ የወለደች ሰሞን "ለእኔም ጸልዪልኝ እስቲ እዚያ ጋ ስትደርሺ" ብላታለች። ግማሹ ቀልድ ነበር።

መስከረም ላይ ናሆም የተባለ ወጣት ከድርጅቱ የሕግ ክፍል መጣ። ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሣ ልጅ ነው። ሁለት ወረቀት ይዟል።

"እትዬ እናንዬ፣ እስቲ ይቀመጡ" አላት።

"ተቀምጬ ነው የምውለው። ልቁምበት።"

የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጣት። ክስ ነው። አርባ አንድ አባወራዎች የፈረሙበት፣ ኤልቪራ በምትባል ሴት ስም የቀረበ። ትርጉሙ እንዲህ ይላል፦ "ማሳ ሠላሳ ሰባትን የምታርሰው እጅ መሬታችንን ወስዳለች። ያቺ እጅ ቀርባ ትጠየቅልን።"

እናንዬ ሁለቴ አነበበችው። "እጇ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?"

"በሕጉ አገላለጽ።"

"እኔ ነኝ መሬት የወሰድኩ?" ዞር ብላ አዳራሹን አየች፤ ሌላ እናንዬ ያለች ይመስል። "ኧረ እኔ የተወሰደብኝ ነኝ! ፋይሉን አምታተኸው እንዳይሆን። ጎሽ ውሃ የሚል አለ? እሱ ነው የእኔ።"

"አልተምታታም። ይሄ ሌላ ነው።"

"የት አገር ነው?"

ናሆም ትንሽ አመነታ። ጉዳዩ ችሎት ስለገባ መናገር ይፈቀዳል። "ፓራጓይ።"

አያ ደመላሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ፓራጓይ? እነዚያ ኳስ ተጫዋቾቹ?"

"አዎ።"

"ጉድ ፈላ! በዋንጫው ጊዜ ለእነሱ ስጮህ ድምፄ ተዘግቶ አልነበር? ለካ መሬታቸውን እያረስኩ ነው የምደግፋቸው!"

"እትዬ ባለርስት" አለች ትርሲት፣ እጅ እየነሣች፣ "እኛንስ በጭሰኝነት ትቀበይን ይሆን?"

አዳራሹ ሣቀ። እናንዬም ሣቀች፤ ከዚያ ሣቋ መሃል ላይ ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የአራሽ ቃል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር። "በማሳው ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀድሞ ሰው ምልክት አላየሁም፤ ባዶ ነበር።"

"ድንጋዩስ?" አለች።

"የቱ ድንጋይ?"

"የምዞረው ነዋ።"

"በመዝገቡ ላይ የተፈጥሮ ክምር ነው የሚለው።"

"ድንጋይ በተፈጥሮው ይደረደራል?"

"እትዬ እናንዬ፣ እኔ አላየሁትም።"

"እኔ አየሁት።"

"ለዚህ እኮ ነው የእርስዎ ቃል ያስፈለገን" አለ ናሆም፤ በትሕትና፣ ከልቡ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ መጮኽ ይቻላል። ካልፈረመች ማሳው በክርክር ውስጥ እንደሚቆይ፣ በክርክር ውስጥ ያለ ማሳ ደግሞ እንደማይታረስ፣ ከሠላሳ እስከ አርባ ያሉት ወንበሮች እንደሚነሡ አስረዳት። አያ ደመላሽ መሣቅ አቆሙ። ናሆም ቀጠለ። "ሌላም አለ። የእናትዎ ማመልከቻ እኔ ጋ ደርሷል።"

እማማ ጥሩዬ ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙ ዘንድሮን ከተሻገሩ ተመስገን ነው ብሏል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ከባላቸው ከአለነ አጠገብ መቀበር። እናንዬ ስድስት ጊዜ አመልክታለች፤ ስድስት ጊዜ ዝም ተብላለች። ጎሽ ውሃን የያዘውና ፓራጓይን የያዘው አንድ ድርጅት ነው።

"ቃሉን ከሰጡ ፈቃዱን እኔ ራሴ አስፈርሜ አመጣዋለሁ" አለ ናሆም። "ጎሽ ውሃም ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ፈቃዱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።"

እናንዬ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። "ጎሽ ውሃን ማን ነው የሚያርሰው?"

"አይገለጽም።"

"ኢትዮጵያዊ ነው?"

"አይመስለኝም። አይገለጽም።"

"እሱም እንዲህ ይጠየቃል?"

"በኅዳር።"

"ባዶ ነበር በል ተብሎ?"

ናሆም እስክሪብቶውን ከፈተና ዘጋው። "ቅጹ አንድ ነው" አለ።

"እሱ 'ባዶ ነበር' ካለ እናቴ ታዲያ ከማን አጠገብ ልትቀበር ነው?"

"እሱን… አላሰብኩበትም" አለ። አላሰበበትም ነበር። በዚያ ድርጅት ውስጥ ስለዚህ እንዲያስብ የተቀጠረ ሰው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ ጥሩዬ በረንዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ጎሽ ውሃ አዙረው ተቀምጠዋል። ጎሽ ውሃ አይታይም። የሚታየው የጎረቤት ሕንጻ የታጠበ ልብስ ነው። እናንዬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ኤልቪራ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፈቃዱ።

"ፈርሚ" አሉ እማማ ጥሩዬ።

"ሰው ቢኖርበትስ እማዬ?"

"ነበረበት እንጂ! ሰው የሌለበት መሬት የት አለ?" ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። "እኛስ ጎሽ ውሃን በምን ያገኘነው መሰለሽ?"

"በሠፈራ ጊዜ። አያቴ ደን መንጥሮ።"

"መንጥሮ!" አሉ፣ የሚያሾፉ ያህል። "አባቴን በካሚዮን አምጥተው አራገፉት። ባዶ ነው አሉት። ሲገባ ሦስት ጉልቻ አገኘ። መሃሉ ላይ አመድ አለ፣ ገና ዝናብ ያልመታው። የተሰበረ ቅልም ነበር። 'ኧረ ሰው አለበት' ቢላቸው 'ሄደዋል' አሉት። ወዴት እንደሄዱ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ስድስት አፍ ይዞ እንዴት ይጠይቅ? ሁለቱን ጉልቻ ወንዝ ጣላቸው። አንዱ ጠፍጣፋ ነበር፤ ደጃፍ ላይ አደረገው።"

"የደጃፉ ድንጋይ?"

"እሱ። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያጠባሁሽ።"

እናንዬ በልጅነቷ ያን ድንጋይ በውሃ ስታጥበው ትዝ አላት። የማን እንደነበረ አስባ አታውቅም። የእነሱ ነበር። ወይስ አልነበረም? የተወሰደባት ነበረች፤ ትናንት ደግሞ የወሰደች ሆነች፤ ዛሬ ጠዋት የወሰደ ሰው የልጅ ልጅ ናት። አንድ ሰው ስንት ነገር መሆን ይችላል?

"ታዲያ ምን ይሻለኛል እማዬ?"

"እኔ ምን አውቄልሽ! ፈርሚ፤ ከአባትሽ ጎን ልረፍ።" ከዚያ እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፣ እንዳትፈርሚ። ሲጠይቀኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ባዶ ነው ብለን ሸጥንህ ልበለው?" መልሰው ተቆጡ። "ደግሞ ምን አድርጊ ትይኛለሽ፣ የምሞተው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ ነሽ?"

ችሎቱ በጥቅምት፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በወረዳው የስብሰባ አዳራሽ ተደረገ። ዳኛው በሦስተኛ አገር ነበሩ፤ ግማሹን ስክሪን እሳቸው፣ ግማሹን የፓራጓይ ሰዎች ይዘውታል። የሚያስተረጉመው ድምፅ የድሮ ዜና አንባቢ ይመስላል። እማማ ጥሩዬ ከፊት ወንበር፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። የሠላሳዎቹ ወንበር ሰዎች ሁሉ መጥተዋል፤ የሚፈረድባቸው እነሱ ይመስላሉ፤ ደግሞም ነው።

ኤልቪራ ስድሳ የሚሆናት፣ የወንድ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ናት። እናንዬን ፈልጋ አገኘቻት።

"እጂቱ አንቺ ነሽ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"አሥራ ሁለት ዓመት ከአጥሩ ሆኜ አይቼሻለሁ። ልጆቼ 'እማማ፣ ማሽን ነው፣ ሰው የለበትም' ይሉኛል። እኔ ግን አለበት አልኩ። ማሽን ቢሆን ድንጋያችን ላይ ይሄድበት ነበር። ይሄኛው ይዞራል። ለምንድን ነው የምትዞሪው?"

"መቃብር ስለሆነ" አለች እናንዬ። "መቃብር አይታረስም።"

አስተርጓሚው ድምፅ አስተረጎመ። በስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች ተያዩ። ከኋላ ያለ አንድ ሽማግሌ ሣቁ አመለጠው፤ ከዚያ አርባ አንዱ ቤተሰብ በሣቅ ፈነዳ። ኤልቪራ አፏን በባርኔጣዋ ሸፈነች።

"መቃብር አይደለም" አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ። "የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ነው።"

"ምን አለች?" አሉ እማማ ጥሩዬ።

"ሽንት ቤት ነው አለች።"

የወረዳው አዳራሽ በሣቅ ተናጋ። አያ ደመላሽ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ "ነፍስ ይማር!" አሉ። ትርሲት ዕንባዋን እየጠረገች "ለእኔ ሽንት ቤት ላይ ነው የጸለይሽልኝ?" አለች። እናንዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች ቅርቧ ያሉትም አላወቁም። እሷም አላወቀችም።

"እኛው ነን የሠራነው" አለች ኤልቪራ፣ ሣቁ ሲበርድ። "ሴቶቹ ልጆች ደብተራቸውን ትተው ድንጋይ ተሸከሙ። እሾኻሙን ተክል እኔ ነኝ የተከልኩት። ወንዶቹ እያጮለቁ ሲያስቸግሩ።"

ናሆም ከመቀመጫው ተነሣ። "ክቡር ዳኛ፣ መቃብር አለመኖሩ በከሳሿ በራሷ አንደበት ተረጋግጧል። የቀረው ፍርስራሽ ነው። አራሿ ቃላቸውን ይስጡ።"

አስተውል። አሥራ ሁለት ዓመት ድንጋዩ "ተፈጥሮ" ነበር። መቃብር ሊሆን ሲል አስጨነቃቸው። ሽንት ቤት ሲሆን ተነፈሱ። ሰው ያለ መቃብር ሊኖር ይችላል እንበል፤ ያለ ሌላው ግን እንዴት አድርጎ እንደሚኖር የሕግ ክፍሉ ቢያስረዳን መልካም ነበር።

"አመሰግንሻለሁ እንዳልል" አለች ኤልቪራ፤ አሁን አትሥቅም። "ሽንት ቤቱን ዞርሽው። ቤቴን አረስሽው።"

እናንዬ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። "ቤትሽ የት ጋ ነበር?"

"ከእሱ ሠላሳ ርምጃ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ።"

ሠላሳ ርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ። እናንዬ ቦታውን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ማረሻው እዚያ ሲደርስ በየዓመቱ አፈሩ ቀላ ይላል፤ ደስ የሚል ቀይ አፈር፣ እንደ ጎሽ ውሃ። እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ዝግ ትላለች፤ አገሯን ስለሚያስታውሳት።

"ያ ቀዩ አፈር?"

"አፈር አይደለም። ጡብ ነው። የግድግዳዬ ጡብ።"

ማንም አልሣቀም። የእናንዬ ቀኝ እጅ አየር ላይ፣ መሪ የያዘች ያህል ተጨብጦ ቀረ። አየችውና ፈታችው።

ዳኛው ተናገሩ። "አራሽ፣ ቃልዎን ይስጡ። ማሳው ባዶ ነበር ወይስ አልነበረም?"

እናንዬ ወደ አያ ደመላሽ አየች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ፤ ሦስት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ወደ ትርሲት አየች። ወደ እናቷ አየች፤ እማማ ጥሩዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ፈርሚ እያሉ ይሁን አትፈርሚ ከሩቅ አይለይም።

"አላውቅም" አለች እናንዬ መጀመሪያ። "ምን እንዳየሁ አላውቅም። ሽንት ቤቱን መቃብር ነው አልኩ። ቤቱን አፈር ነው አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁትን አላወቅሁትም። ግን ባዶ አልነበረም። ባዶ መሬት ላይ ሽንት ቤት የሚሠራ ማን ነው? መልአክ ነው?"

ትርሲት ሳይታወቃት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ያዘች።

"ባዶ አልነበረም" አለች እናንዬ እንደገና፣ እጇን አንሥታ። "ቃሌ ነው።"

ናሆም ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ከመካከላቸው የእማማ ጥሩዬ ማመልከቻ ነበረ፤ ወደ ቦርሳው ሲከተው ወደ እሳቸው አላየም።

"ተመዝግቧል" አሉ ዳኛው። "ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ተቀምጬ ነው እዚህ የደረስኩት።"

"ጉዳይዎ አልቋል እኮ።"

"የእሷ ነው ያለቀው። የእኔ ኅዳር ላይ ነው።" እናንዬ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ቀይ መብራት ወደሚበራበት ካሜራ ዞረች። ችሎቱ በየአገሩ ባለው አዳራሽ እንደሚተላለፍ፣ ወንበራቸው ላይ ያሉ አራሾች ሁሉ በዚህች ሰዓት በግድ እያዩ እንደሆነ አስታወሰች። እሷም ስንት ቀን እንቅልፍ እያዳፋት አይታለች። ከመካከላቸው አንዱ እሱ ነው።

"ጎሽ ውሃን የምታርሰው" አለች። "ወይም የምታርሺው። ስምህን አላውቅም። አገርህንም አልነገሩኝም። አንተም የእኔን አታውቅ ይሆናል፤ አንተም የምታርሰው የት እንደሆነ አታውቅ ይሆናል። ስለዚህ ምልክቱን ልንገርህ። ወንዙ እንደ ማጭድ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ከዚያ ከፍ ስትል ሁለት ዋንዛ አለ፤ ቆርጠዋቸው ከሆነ ጉቶው አለ። ከመሃላቸው የድንጋይ ክምር ታያለህ። ዙሪያው እሬት ነው። ላንተ ምን ሊመስልህ እንደሚችል አላውቅም። ሽንት ቤት ሊመስልህ ይችላል፤ አልፈርድብህም። ግን አይደለም። አባቴ ነው። አለነ ይባላል።"

"ወይዘሮ፣ ይበቃዎታል" አለ የዳኛው ድምፅ።

"ከክምሩ በታች ቤት ነበረ። ደጃፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እሱ የእኛ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ጉልቻ ነው። እሱንም አይተኸው ከሆነ ተናገር። ባለቤቶቹ ካሉ ይምጡና እኔን ይጠይቁኝ፤ እዚሁ ቆሜ እመልሳለሁ።"

እማማ ጥሩዬ ዓይናቸውን ገለጡ። በስክሪኑ ውስጥ ኤልቪራ ባርኔጣዋን አውልቃለች። የሚያስተረጉመው ድምፅ እናንዬን በማታውቃቸው በርካታ ቋንቋዎች እየተከተላት ነበር።

"ኅዳር ላይ ቅጽ ያመጡልሃል። ቅጹ አንድ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። አትቸኩል። መጀመሪያ ለእኔ መልስልኝ። በወረቀት አይደለም፣ በጠበቃም አይደለም፤ እንደኔ ቆመህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማህ። ክምሩ ጋ ስትደርስ ዞርክ ወይስ ሄድክበት? መልስ!"